«ኮሙኒኬሽን ቡኩ ቀረ፤ እኔስ?» የወላጆች ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ልጆቻቸውን ካቶሊክ ትምህርት ቤት ከሚያስተምሩ ወላጆች የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ስልክ ነው። የትምህርት ቤቶቹን ስም ትተነዋል።

ጥያቄ፦ ጉለሌ አካባቢ አትክልት እሸጣለሁ። ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። እስከ አምና ድረስ ኮሙኒኬሽን ቡክ፣ መምህሯ ለወላጅ የምትጽፍበት ደብተር፣ ነበረው፤ ማታ ማታ አይቼ እፈርምበት ነበር። ዘንድሮ ቀረ ተባለ። የቤት ስራውም፣ ውጤቱም፣ የስብሰባ ጥሪውም በአፕና በቴሌግራም ሆነ። የኔ ስልክ ደግሞ ተራው፣ ባለ ቁልፉ ነው። የጎረቤት ልጅ በራሷ ስልክ እየከፈተች ታነብልኛለች። የመጀመሪያውን የወላጆች ስብሰባ የሰማሁት ካለፈ በኋላ ነው። ሄጄ እንዳልናገር ሌላው ሁሉ ችሎ እኔ ብቻ ያቃተኝ መሰለኝና አፈርኩ። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ማፈሩን ተዪው። ስማርት ስልክ የሌላት ወላጅ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ስልኩ ኖሯቸው ፓኬጅ የማይገዙ አሉ፤ ገዝተውም አፑን አንድ ቀን ከፍተውት የማያውቁ አሉ። ሁሉም ዝም ስለሚል ትምህርት ቤቱ መልእክቱ ለሁሉም የደረሰ ይመስለዋል።

ነገሩ እንዴት እንደመጣ ታስታውሻለሽ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙ የከተማ የግል ትምህርት ቤቶች ወርክሺቱን፣ ኖቱን፣ ማስታወቂያውን በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። ያኔ ሌላ አማራጭ አልነበረም፣ ጠቅሟልም። ችግሩ በሩ ከተከፈተ በኋላም ልማዱ መቀጠሉ ነው፤ ለጭንቅ ቀን የመጣው መንገድ ዋናው መንገድ ሆኖ ቀረ፣ ማን እንደቀረበት ግን ቆጥሮ ያየ ሰው ብዙ የለም።

ኮሙኒኬሽን ቡኩን አትናቂው። መምህሯ ከላይ ሁለት መስመር ትጽፋለች፣ አንቺ ከስር ትፈርሚያለሽ። ያቺ ፊርማ መልእክቱ መድረሱን ብቻ አይደለም የምትናገረው፤ ቤት ውስጥ ከፍቶ ያየ ሰው እንዳለም ትናገራለች። አፑ ላይ «ታይቷል» የሚለው ምልክት ግን አንቺ ትዪው የጎረቤትሽ ልጅ ትየው አይለይም። ሲስተርም ሆኑ ብራዘር ይህን ብታስረጃቸው የሚገባቸው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፦ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1965 ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ የልጆች የመጀመሪያና ዋነኛ አስተማሪዎች ወላጆቻቸው ናቸው ብሏል። ትምህርት ቤቱ ሊያግዝሽ ነው ያለው። ስለዚህ ስትሄጂ ውለታ ልትለምኚ እንደምትሄጂ አይሰማሽ።

ጠዋት በር ላይ አትሂጂ፤ ሰርቪሱም፣ ልጁም፣ ዘበኛውም ግርግር ነው፣ ማንም አይሰማሽም። ደውለሽ ከሆም ሩም መምህሯ ጋር ቀጠሮ ያዢ። ስትገናኙ በቀጥታ ተናገሪ፦ «ስማርት ስልክ የለኝም። የስብሰባ ጥሪ በቴክስት ይላክልኝ፣ ሌላው በደብተር ይምጣልኝ።» ቴክስት ያንቺም ስልክ ላይ ይገባል። ደብተሩን አንቺ ግዢ፣ ቀጭን ይበቃል። በየቀኑ ይጻፍልኝ አትበይ፤ ያቺ መምህርት ስንት ልጅ እንዳላት አስቢላት። አርብ አርብ ሁለት መስመር ከጻፈችልሽ ብዙ ነው። ከዚያ ወላጅ ኮሚቴውን ፈልጊና የስብሰባ ማስታወቂያ ሁሉ በር ላይ ባለው ሰሌዳም እንዲለጠፍ ጠይቂ። ይህ ላንቺ ብቻ አይደለም፣ ያልተናገሩት ሁሉ ይጠቀሙበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። የጎረቤትሽ ልጅ የስብሰባ ቀን ብታነብልሽ ምንም አይደለም። የልጅሽን ውጤትና ስለ ጠባዩ የተጻፈውን ግን እሷም አታንብበው፣ ልጅሽም ራሱ አያንብብልሽ። ወቀሳ ያለበትን መልእክት ለእናቱ አሟልቶ የሚያነብ የአራተኛ ክፍል ልጅ እኔ አላየሁም።

ጥያቄ፦ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። የክፍሉ መምህር የሚድ ፈተና ውጤት የሁሉንም ልጆች ስም ከነደረጃቸው ፎቶ አንስቶ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። የኔ ልጅ ከመጨረሻ ሁለተኛ ናት። ስሩ ላይ የጭብጨባ ምልክት ተደረደረ፤ የአንደኞቹ ወላጆች እንኳን ደስ አላችሁ ይባባላሉ። ማታውኑ የክፍል ጓደኞቿ ሁሉ አወቁ። አሁን ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ አስቸግራናለች። ለመምህሩ ግሩፑ ላይ መልስ ልሰጠው ጽፌ መልሼ አጠፋሁት።
አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማጥፋትህ ጥሩ ነው። እዚያ ብትጽፍ ክርክሩ ሌሊቱን ያድር ነበር፣ የልጅህም ስም ደግሞ አብሮ ይነሳ ነበር።

የመምህሩ ስራ ግን ልክ አይደለም፣ ማለሳለስ አያስፈልገውም። የልጅ ውጤት የግል መረጃ ነው፤ አገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ሆኖም አዋጁን ይዘህ አትግባ፣ መጀመሪያ ልጅህን ይዘህ ግባ። መምህሩን ለብቻው አናግረውና የሆነውን ንገረው፦ ማታ ምን እንዳለች፣ ጠዋት ምን እንዳደረገች። ብዙ መምህራን ይህን የሚያደርጉት ወላጁ ራሱ «ውጤት መቼ ነው?» እያለ ስለሚያጣድፋቸው ነው፣ በክፋት አይደለም። ካልሰማህ ወደ ርዕሰ መምህር ሂድ፤ ያኔ አዋጁን አንሳ።

የምትጠይቀው ግልጽ ይሁን። ፎቶው ከግሩፑ ላይ ለሁሉም ይጥፋ፤ የግሩፑ አድሚን ይህን ማድረግ ይችላል። ሴቭ ያደረገው ሰው ጋ ይቀራል፣ ለእሱ መፍትሔ የለውም፣ ግን መጥፋቱ ራሱ ለልጅቷ ትርጉም አለው። ከዚህ በኋላ ውጤት ለእያንዳንዱ ወላጅ ለብቻው ይላክ። ማስታወቂያው ደግሞ ከግሩፕ ወደ ቻናል ይዛወር፤ ቻናል ላይ ትምህርት ቤቱ ይለጥፋል፣ ወላጅ ያነባል፣ አባላቱ እርስ በርስ አይተያዩም፣ አድሚኑ ሪአክሽኑን ከዘጋው የጭብጨባውም ውድድር ይቀራል። አንተም ሴቲንግ ገብተህ ስልክ ቁጥርህን ማንም እንዳያይ አድርገው።

ስለ ደረጃ የራሴን ልናገር። አንደኛ፣ ሁለተኛ እያሉ መሸለም እኛ አገር ሥር የሰደደ ነው፣ በአንድ ስብሰባ አይነቀልም። ካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ይሁን። የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆችን ደረጃ በስልክ ማሰራጨት ግን ሌላ ነገር ነው። ልጅህን ደግሞ አንተ «አይዞሽ» ብትላት አይበቃትም። የተጎዳችው በመምህሩ ነውና እሱ ራሱ ጠርቶ ቢያናግራት ከሁላችንም ምክር ይበልጣል። ይህን ጠይቀው፣ አትፈር።

ጥያቄ፦ እኛ ኦርቶዶክሶች ነን። ልጃችንን ካቶሊክ ትምህርት ቤት ያስገባነው ለሥነ ምግባሩ ብለን ነው። አሁን አሥረኛ ክፍል ደርሷል። የእንግሊዝኛ ድርሰቱን የጻፈለት ቻትጂፒቲ የሚባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ነው ተብሎ ሲስተር ጠሩንና «ቤት ማን ያየዋል?» አሉን። ብናየውስ በምን እንለየዋለን? የእኔም የባለቤቴም እንግሊዝኛ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስልኩን እንቀማው? ለመሆኑ ቤተ ክርስቲያናቸው ይህን ቴክኖሎጂ ትቃወማለች?
ባልና ሚስት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ አትቃወምም። ቫቲካን ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰፊ ሰነድ አውጥታለች። ለትምህርት ሊጠቅም እንደሚችል ትቀበላለች። የምትሰጋው ሌላ ነው፦ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ተማሪው ራሱ መልስ እንዲፈልግ ከማነሳሳት ይልቅ መልሱን አዘጋጅተው ያቀርቡለታል። አስተማሪ በአካል አብሮ መሆኑን ማሽን አይተካውም ትላለች። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ካርሎ አኩቲስን ቅዱስ ብለው አውጀዋል። በ15 ዓመቱ በ2006 እ.ኤ.አ. በሉኪሚያ ያረፈ፣ ጣሊያን ያደገ ኮምፒውተር ወዳድ ልጅ ነው፤ ስለ ቅዱስ ቁርባን ተአምራት ድረ ገጽ ሠርቷል። ጌም ይወድ ነበር፣ ግን በሳምንት ከአንድ ሰዓት በላይ አልጫወትም ብሎ ለራሱ ወስኖ ነበር ይባላል። ለልጃችሁ ንገሩት፣ ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ነው።

ስልኩን አትቀሙት። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በኮምፒውተርም መሰጠት ጀምሯል፤ ከስክሪን ማራቅ አያዋጣም። ነገር ግን የፈተናው ቀን አጠገቡ ቻትጂፒቲ አይኖርም፣ ይህንንም በግልጽ ንገሩት።

እንግሊዝኛ አለመቻላችሁ ደግሞ እንዳሰባችሁት እንቅፋት አይደለም። ማታ ራት ላይ «ድርሰትህ ስለ ምንድን ነው? በአማርኛ አጫውተን» በሉት። ራሱ የጻፈ ልጅ ያወራል፣ ያብራራል፣ እንዲያውም አላቆም ይላል። ያልጻፈው ርዕሱን ይነግራችሁና ይቆማል። ያኔ አትቆጡ። «ለምን ይህን አስቀደምክ? ምሳሌውን ከየት አመጣኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሳምንት ሳምንት ይህን እንደምትጠይቁት ካወቀ፣ ኮፒ ቢያደርግ እንኳ ቢያንስ አንብቦ ተረድቶት መምጣት ግድ ይሆንበታል፣ እሱም ትንሽ ትምህርት ነው።

ሲስተርም ያነሱት ጥያቄ ተገቢ ነው። እናንተም መልሳችሁ ጠይቋቸው፦ የትኛው የቤት ስራ ላይ ይፈቀዳል? የትኛው ላይ አይፈቀድም? ሕጉ ተጽፎ ለወላጅ ተሰጥቷል? የድርሰቱ የመጀመሪያ ረቂቅ ክፍል ውስጥ በእስክሪብቶ ቢጻፍ አይሻልም? ኦርቶዶክስ በመሆናችሁ ይህን ለመጠየቅ አታመንቱ። በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከሕዝቡ አንድ በመቶ አይሞሉም ነበር፤ እነዚህን ትምህርት ቤቶች የሚሞላው የኦርቶዶክሱ፣ የሙስሊሙና የፕሮቴስታንቱም ልጅ ነው። ወላጅ መሆናችሁ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጅዳ ሰው ቤት እሠራለሁ። ልጄ እናቴ ጋ ሆና ካቶሊክ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። ክፍያውን እኔ ነኝ የምልከው። በኢሞ ሳገኛት «ትምህርት እንዴት ነው?» ስላት «ጥሩ» ብላ ትሄዳለች። እናቴ ማንበብ አይችሉም። ከዚህ ሆኜ እንዴት ልከታተላት?
እናት፣ ከሳዑዲ

መልስ፦ እህቴ፣ ቴክኖሎጂው ከማንም በላይ ላንቺ ነው የሚጠቅመው። ትምህርት ቤቱ አፕ ካለው በስልክሽ ላይ ያስገቡልሽ፤ ውጤቷን ከዚያው ታያለሽ። ከዚያ በላይ ግን የመምህሯን ድምፅ ያስፈልግሻል። አርብ እረፍት ካለሽ ዕድለኛ ነሽ፤ አርብ እዚህ ትምህርት አለ፣ ሰዓታችንም ከሳዑዲ ጋር አንድ ነው። ለርዕሰ መምህሯ ሁኔታሽን አስረጂና በወር አንድ አርብ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከመምህሯ ጋር በስልክ የምታወሪበት አሥር ደቂቃ ይሰጡሽ። በማይመችሽ ጊዜ ጥያቄሽን በድምፅ ቅጂ ላኪ፣ እሷም ሲመቻት በድምፅ ትመልስልሽ።

እናትሽን አትዝለያቸው። በወላጅነት ተመዝግበው ስብሰባ ላይ የሚቀመጡት እሳቸው ይሁኑ፤ ማንበብ አለመቻላቸው መስማትና መጠየቅ አይከለክላቸውም። ልጅቷ ስትታመም የሚጠሩት፣ በር ላይ የሚቀበሏት እሳቸው ናቸው። አንቺ ከመምህሯ የሰማሽውን ሁሉ ለእሳቸው ንገሪያቸው፣ እንጂ ከሩቅ ሆነሽ የምትቆጣጠሪያቸው እንዳይመስላቸው።

ልጅሽን ደግሞ «ትምህርት እንዴት ነው?» አትበያት፤ ለዚህ ጥያቄ የትኛውም ልጅ «ጥሩ» ነው የሚለው። ደብተሯን ካሜራው ፊት ከፍታ የዛሬውን ገጽ ታሳይሽ፣ የጻፈችውንም ታንብብልሽ። ከመምህሯ ጋር በመጀመሪያ ስትነጋገሩም ውጤቱን ለሌላ ጊዜ አቆዪውና ልጅሽ በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር እንደምትጫወት መምህሯን ጠይቂያት። መምህሯ ካላወቀች እስከሚቀጥለው ቀጠሯችሁ አይታ ትነግርሻለች።