የሚያውቁት ቃል ሌላ ትርጉም ሲይዝ

ጥያቄ፦ በነርስነት ተቀጥሬ ወደ እንግሊዝ፣ ሊድስ ልሄድ ነው። የቋንቋ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ፤ ቀድመውኝ የሄዱት ግን የአገሬው ንግግር ያደናግራል ይሉኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ በሚያውቋቸው ቃላት ይጀምሩ። እንግዳ ቃል ሲሰሙ «ምን አሉኝ?» ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። የሚያውቁት ቃል ሌላ ትርጉም ይዞ ሲመጣ ግን የገባዎ መስሎዎት ያልፉታል፤ ጉዳት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ሊድስ ያለችው በዮርክሸር ነው። እዚያ በተለይ አረጋውያን በተለመደው እንግሊዝኛ «በዚያው ጊዜ» ማለት የሆነውን «ዋይል»ን በ«እስከ» ቦታ ይጠቀሙበታል። «ናይን ዋይል ፋይቭ» ከ9 እስከ 5 ማለት ነው። ባልደረባዎ ለታካሚ «ዶንት ስታንድ ዋይል አይ ካም» ካለ «እስክመጣ እንዳትነሳ» እያለው ነው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የምግብ ነገር ነው። በሰሜን እንግሊዝ በብዙ ቤት «ዲነር» ምሳ ነው፤ «ቲ» ደግሞ ራት። «ናውት» ምንም፣ «አውት» ማንኛውም ነገር፣ «ሳማት» አንድ ነገር ማለት ነው። ስለዚህ ታካሚው «አይቭ ሃድ ናውት ፎር ሚ ቲ» ካለ ራቱን ጨርሶ አልበላም። ሻይ አልጠጣም ብለው ካለፉትና ሰውየው ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ፣ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። «መጨረሻ የበሉት በስንት ሰዓት ነው? ምን በሉ?» ብለው ይጠይቁ፤ መዝገቡ ላይም ከምግቡ ስም ጋር ሰዓቱን ይጻፉ። «ናውት» እና «አውት» በጫጫታ መሐል ስለሚምታቱ ደግሞ ማረጋገጥ አያሳፍርም።

«ፑርሊ» እና «ባድሊ» አሞኛል ማለት ነው። «ነሽ» ብርድ የማይችል፣ «ማርዲ» ደግሞ ነጭናጫ ወይም ያኮረፈ ሰው ነው። «ኦልራይት?» ሰላምታ እንጂ የጤና ምርመራ አይደለም፤ «ኦልራይት» ብሎ መመለስ በቂ ነው። የማያውቁት ሰው «ላቭ» ቢልዎ አይደንግጡ፤ ኖቲንግሃም ላይ «ዳክ»፣ ኒውካስል ላይ «ፔት» ይላሉ፣ ሁሉም የአክብሮትና የቅርበት አጠራር ነው። እርስዎ ግን ለመጠቀም አይቸኩሉ፤ ለማን እንደሚባል ጆሮዎ ይልመደው።

ጥያቄ፦ ግላስጎ ገብቼ ሥራ ከጀመርኩ በኋላም ሰዎች «ዌር ዱ ዩ ስቴይ?» ይሉኛል። እንግዳ መስያቸው ነው?

መልስ፦ አይደለም። በስኮትላንድ «ስቴይ» በእንግድነት ማረፍ ብቻ ሳይሆን መኖርም ነው፤ የሚኖሩበትን ሠፈር ይንገሯቸው። «ሜሴጅስ» ልታመጣ የሄደች ጎረቤት አስቤዛ ልትገዛ ወጥታለች። «ፒስ» ሳንድዊች ነው። ሕፃን ልጅ ግላስጎ ላይ «ዌን»፣ በምሥራቅ ስኮትላንድ «ቤርን» ይባላል። «አልመጣም» ሲሉ «ሃው?» ከተባሉም የተጠየቁት ለምን እንደማይመጡ ነው፤ ምክንያትዎን ይንገሩ።