የቁርስ ጥግ ጠረጴዛና መቀመጫ፦ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ውስጥ በእንጨት ሥራ ነው የምተዳደረው። ወጥ ቤት ውስጥ ቁርስ የሚበላበት ጥግ ስለማዘጋጀት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። መልሶቼ እነሆ።

ጋሼ፣ የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤቴ ጠባብ ነው። ለአራት ሰው ጠረጴዛው ስንት በስንት ይሁን?

መጀመሪያ ትሪዎን ይለኩ። የምሬን ነው። ተሠርቶ የሚሸጠው ጠረጴዛ ሁሉም በየሳህኑ እንዲበላ ታስቦ የተሠራ ነው። እኛ ደግሞ አንድ ትሪ መሐል አድርገን ነው ዙሪያውን የምንቀርበው። ትሪዎ 55 ሳንቲም ከሆነ፣ ወርዱ 60 የሆነ ጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆ እንኳ የት ያስቀምጣሉ? ወርዱ 80 ይሁን። ርዝመቱ 120 ከሆነ ለአንድ ሰው 60 ሳንቲም ይደርሰዋል፤ ክርን ከክርን አይጋጭም። ከዚያ በላይ አያስረዝሙት፤ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ፍርፍሩን በዓይኑ ብቻ ነው የሚበላው። ክብ ከወደዱ 90 ሳንቲም ይበቃል።

የመቀመጫው ከፍታስ?

ጠረጴዛው 75፣ መቀመጫው 45። ዋናው በመካከላቸው ያለው 30 ሳንቲም ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው ስፖንጅ ላይ ነው። አናጢው እንጨቱን 45 አድርጎ ያስረክባል፣ ከዚያ 8 ሳንቲም ስፖንጅ ይጨመርበታል፣ ጉልበት ከጠረጴዛው ሥር ይጣበቃል። ስፖንጁን አስቀድመው ይግዙ፣ ሰው ያስቀምጡበትና ተጫኖ የሚቀረውን ከፍታ ይለኩ። እንጨቱ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥጉን ይዞ የሚታጠፍ አግዳሚ ወንበር ላሠራ ነው። ጠረጴዛው አራት እግር ይኑረው?

አይኑረው። ወደ ጥግ የሚገባ ሰው ተንሸራቶ ነው የሚገባው፤ እግሩ ይሰናከልበታል። መሐል ላይ አንድ ወፍራም እግር፣ ታች ሰፋ ያለ መሠረት ያለው ይሁን። የጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ወንበሩ 5 ሳንቲም ያህል ይግባ፤ አለዚያ ወጡ ጭን ላይ ነው የሚንጠባጠበው። በሌላው በኩል ተንቀሳቃሽ ወንበር ካለ፣ ከኋላው ቢያንስ 75 ሳንቲም ይተውለት።

እንጅባራ ነው ያለሁት። የቀርከሃ ወንበር ይሆናል?

ከደጃፍዎ እያለ ምን ያስጨንቅዎታል! ቀላል ነው፣ ያምራል። ለጋ ቀርከሃ ግን እንዳይሸጡልዎ፤ ነቀዝ የሚወደው እሱን ነው። ሦስት ዓመት የሞላው ይሁን። ሥሩ ላይ ነጭ ዱቄት ካዩ ነቀዙ ቀድሞዎታል፣ አይግዙት።

ባሕር ዛፍ ወይስ ዋንዛ?

አቅም ካለ ዋንዛ። ለመሥራት ይመቻል፣ ብዙም አይጣመምም። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ከተሠራ ግን ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ለእግርና ለውስጥ አጥንት ይበቃል። ላዩን ዋንዛ ካደረጉት ወጪውም ይቀልልዎታል።

ኤምዲኤፍስ?

የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ ነው፤ ከውሃ ከራቀ ይሁን። ከሳህን ማጠቢያው አጠገብ ከሆነ ያብጣል፣ ካበጠ ደግሞ አይመለስም።

ደብረ ማርቆስ ቤት እየሠራን ነው። እናቴ «ወንበር ምን ያደርጋል፣ መደብ አሠሩ» ትላለች። የአሁን ቤት ውስጥ ያስኬዳል?

እናትዎ ልክ ናቸው። ሰው አሁን ገንዘብ ከፍሎ የሚያሠራው የጥግ ወንበር ከመደብ በምን ይለያል? በብሎኬት ይሠራና በሲሚንቶ ይለሰን፤ ጥልቀቱ 45 ሳንቲም ይሁን። ደብረ ማርቆስ ብርድ ስለሆነ ባዶ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጡም፤ ላዩን ጣውላ ያልብሱት። የጣውላው ውፍረትና ስፖንጁም ቀደም ብዬ ካልኩት ከ45ቱ የመቀመጫ ከፍታ ውስጥ ይቆጠር። ግድግዳው ወደ ውጭ የሚያይ ከሆነ መደገፊያውን አያጣብቁት፤ ሁለት ሦስት ሳንቲም አየር ይለፍበት። የጎጃምን ክረምት ያውቁታል፤ የተጣበቀ ስፖንጅ እስከ መስከረም ይሻግታል።

ቡና እዚያው ማፍላት ይቻላል?

ረከቦቱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አይሆንም፤ ለምታፈላዋ በጣም ከፍ ይልባታል። አግዳሚው የእንጨት ከሆነ ሥሩን ክፍት ያስደርጉት፤ ሁለት በርጩማና ረከቦቱ እዚያ ይገባሉ። ቡናው ሲደርስ ስቦ ማውጣት ብቻ ነው።