ሰላሳ ነው ስልሳ?

ልጆቼ፣ የወታደርነት ዘመኔን የጨረስኩት በሬዲዮ ኦፕሬተርነት ነው። ዛሬ አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው የወንድሜ ልጅ ዕቃ መላኪያ ቤት ደጃፍ ቡናዬን ስጠጣ የስልክ ጩኸታችሁን እሰማለሁ። «ቢ ነው ያልኩህ! ዲ አይደለም፣ ቢ!» ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ ይህችኑ ፊደል አራት ጊዜ ጮኸባት። ቢጮኽም ያው ናት፤ ችግሯ ከዲ፣ ከፒና ከቲ ጋር መመሳሰሏ ነው። «ብራቮ» ቢል አንዴ ይበቃው ነበር።

አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እያለ የሚወርደው የ26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት የሬዲዮ መጠሪያ ዝርዝር ዛሬ በያዘው መልኩ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። እንግዳ ነገር አይምሰላችሁ። የኔታ «እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ» ሲሉን ምን እያደረጉ ነበር? እነዚያ ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው ይለያያል፤ እነዚህ ደግሞ መልካቸው ተለያይቶ ድምፃቸው ይቀራረባል። ዘዴው ያው ነው።

ቁጥር ላይ ግን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ገና ለጋ ሳለሁ፣ አንድ ሌሊት ሬዲዮው እየተንሿሿ፣ ስልሳ ኩንታል ዱቄት የጠየቀን ክፍል ሰላሳ ብዬ መዘገብኩ። መልሼ ባነብለት ያርመኝ ነበር። እኔ ግን «ሮጀር» ብዬ ዘጋሁ። መኪናው በግማሽ ጭነት ሄደ፤ የደረሰብኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ወዲህ ቁጥር አንድ በአንድ ነው የምጠራው፦ «ስድስት፣ ዜሮ»።

ሮጀርን ካነሳሁ አይቀር፦ እናንተ «እሺ፣ አደርጋለሁ» ለማለት ትጠቀሙበታላችሁ። በድሮው ዝርዝር የአር ፊደል መጠሪያ ነበር፤ ትርጉሙ «መልእክትህ ደርሶኛል»፣ በቃ። አደርጋለሁ ለሚል «ዊልኮ» አለለት። የእኛ «እሺ» ሁለቱንም ተሸክማ ነው የምታስቸግረው፤ አለቃችሁ መስማታችሁን እንጂ መሥራታችሁን ከእሷ አያውቅም። («እሺ ነገ»ን ተዉአት።) «ኦቨር ኤንድ አውት» የምትሉትም የፊልም ነው። ኦቨር ተራው ያንተ ነው፣ መልስህን እጠብቃለሁ ማለት ነው፤ አውት ደግሞ ጨርሻለሁ። ሁለቱን ማጣመር እንግዳን «ግባ» ብሎ በር መዝጋት ነው።

ሬዲዮ የምትይዙ ካላችሁ ደግሞ፣ የጥበቃም ይሁን የሆቴል፣ ቁልፉን ተጭናችሁ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ ተናገሩ። የችኩል ሰው የመጀመሪያ ድምፁ ይቆረጣል። በአማርኛ ደግሞ እምቢታው ያለው ከፊት ነው፦ እናንተ «አትሂዱ» ትላላችሁ፣ ወዲያ ማዶ ያለው «ሂዱ» ይሰማል።