ለገና ከልጆች ጋር፦ የደንገል ታንኳ

እህቴ፣ ከ5 እና ከ8 ዓመት ልጆችሽ ጋር ለገና በእጅ የሚሠራ፣ ወጪ የማይበዛበት ስጦታ ጠይቀሻል። ባሕር ዳር ካለሽ ትንሽ የደንገል (ጣና ሐይቅ ዳር የሚበቅል ቄጠማ መሰል ረጅም ተክል) ታንኳ ሥሩ፤ የሚገዛው የጥጥ ክር ብቻ ነው።

ጣት የሚያክል 11 ደንገል በ40 ሳንቲ ሜትር ቁረጪ፤ ቢላዋው ካንቺ እጅ አይውጣ። ጥላ ላይ አንድ ሳምንት ያህል ይድረቅ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ እርጥቡ ከታሰረ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ክሩ ይላላል፣ ታንኳው ይበታተናል። አረንጓዴው ወደ ገለባ መልክ ሲለወጥ ደርሷል። ስለዚህ ገናን ታኅሣሥ 29 ለማድረስ ከወሩ አጋማሽ በፊት መቆረጥ አለበት። የደረቀው ደግሞ ሲታጠፍ ስለሚሰበር፣ ከመሥራታችሁ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አንድ ሰዓት አቆዩት።

አምስቱ ለመሀል፣ ሦስት ሦስቱ ለግራና ለቀኝ። ታናሹ ቆጥሮ ይያዝ፣ ታላቁ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ይሰር። ክሩን ከልክ በላይ ከሳበው ልጡን ይቆርጠዋል፤ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ነውና። ሦስቱን እስር ጎን ለጎን አያይዙ፤ የፊቱን ጫፍ ሰብስባችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩና ወደ ላይ አጉብጡት፣ ከመሀሉ ጋር በክር ወጥሩት። በማግስቱ የወጠራችሁበትን ክር ብቻ ስትቆርጡት እንደጎበጠ ይቀራል። ስትሰጡት በፌስታል አትጠቅልሉት፣ ይሻግታል።