የአንባቢዎች ጥያቄ፦ ለጥሩ ድምፅ የትኛውን ማጫወቻ ልጫን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። ሙዚቃ የማዳምጠው በብዛት በኮምፒውተር ነው፣ ዊንዶውስ ነው ያለኝ። ከሲዲ የገለበጥኳቸው ብዙ የፍላክ ፋይሎች አሉኝ፣ ኤምፒ3ም አለ። በቅርቡ በዩኤስቢ የሚሰካ ዳክ (ዲጂታሉን ቁጥር ወደ ድምፅ የሚቀይር መሣሪያ) ከጥሩ ሄድፎን ጋር ገዛሁ። አንድ ጓደኛዬ ታዲያ «በነፃ ማጫወቻ እየሰማህ ያን ሁሉ ገንዘብ ማውጣትህ ከንቱ ነው፣ የሚከፈልበትን ግዛ፣ ድምፁ ሌላ ነው» አለኝ። እውነት ማጫወቻው ድምፁን ይለውጠዋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። የማጫወቻ ሥራ ሙዚቃ ማሳመር አይደለም። ፋይሉን ያነባል፣ ይፈታዋል፣ ያገኘውን ቁጥር ለዳኩ ያስረክባል። በቃ። ፍላክ የሚታመቀው ምንም ነገር ሳይጣልበት ነው። ስለዚህ ሲፈታ የሚወጣው ያው ከሲዲው የተገለበጠው ቁጥር ነው፦ ለግራም ለቀኝም በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ እያንዳንዱ 16 ቢት። በነፃው ፈታኸው በውዱ ፈታኸው ለውጥ የለውም። ሁለት ማጫወቻዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ለአንድ ዳክ ካደረሱ፣ ሄድፎንህ የሚያሰማህ አንድ ድምፅ ነው፤ ማስታወቂያው ስለ «ሞቅ ያለ» እና «አየር ያለው» ድምፅ የፈለገውን ቢል ይህን አይለውጠውም።

ልዩነት የሚመጣው መንገድ ላይ ነው። ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ የሁሉንም ፕሮግራም ድምፅ፣ ብሮውዘሩንም የመልእክቱን ጩኸትም ሙዚቃህንም አንድ ላይ ይቀላቅላል። ለመቀላቀል ደግሞ ሁሉንም ሴቲንጉ ላይ ወደተቀመጠው አንድ ሬት፣ ማለትም በሰከንድ ወዳለው የናሙና ብዛት፣ ይለውጣቸዋል። እዚያ ላይ 48 ኪሎኸርዝ ከተቀመጠ የሲዲው 44.1 እንደገና ይሰላል ማለት ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ይህ ስሌት ብቻውን ሲሆን አብዛኛው ሰው በጆሮው አይለየውም። ጉዳት የሚያደርሰው ሌላ ነው፦ በድምፅ ሴቲንጉ ውስጥ «ኢንሃንስመንት» የሚባሉት፣ ቤዝ የሚጨምሩት፣ ድምፁን ዙሪያህን የከበበ የሚያስመስሉት፣ ዝግ ያለውንና የጮኸውን እኩል የሚያደርጉት። እነዚህ ሙዚቃውን በግልጽ ይቀይሩታል፤ አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ከፋብሪካው በርተው ነው የሚመጡት። ምንም ከመግዛትህ በፊት ገብተህ አጥፋቸው።

ከዚያ ቀጥሎ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ያለውን ዋሳፒ የሚባለውን መንገድ ተጠቀም። ዋሳፒ «ኤክስክሉሲቭ» የሚባል አሠራር አለው፤ ማጫወቻው ዳኩን ለብቻው ይይዝና ቀላቃዩን አልፎ ቁጥሩን እንዳለ ይልካል። የፋይሉ ሬት ሲቀየር የዳኩም አብሮ ይቀየራል። ዳክህ ሬቱን በመብራት ወይም በስክሪን የሚያሳይ ከሆነ ማረጋገጥ ቀላል ነው፦ የ44.1 ፋይል ከዚያም የ96 ፋይል ክፈትና ምልክቱ ይለወጥ እንደሆነ ተመልከት። አንድ ነገር ግን እንዳያስደነግጥህ፣ በዚህ አሠራር ሙዚቃው እስኪቆም ድረስ የሌሎች ፕሮግራሞች ድምፅ በዚያ ዳክ በኩል አይሰማም። ለእኔ ይህ ራሱ ጥቅም ነው፣ ዘፈን መሃል የመልእክት ጩኸት የሚገባበት ምክንያት የለም።

የትኛውን ልጫን ላልከው፣ እኔ የምመክርህ ፉባር2000ን ነው። ከ2002 ጀምሮ ያለ ነው፣ ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ ኮምፒውተር አያጨናንቅም። መልኩ ደረቅ ነው፣ መጀመሪያ ስትከፍተው ላይማርክህ ይችላል። በአዲሶቹ ዕትሞች ፕሪፈረንስ ውስጥ አውትፑት የሚለው ጋ ገብተህ የዳክህን ስም «ኤክስክሉሲቭ» ከሚለው ጋር መምረጥ ብቻ ነው። የአልበም ሽፋን እያየህ፣ ስብስብህን በሥርዓት እያደራጀህ መስማት የምትወድ ከሆነ ሚዩዚክቢ ይሻልሃል፤ እሱም ነፃ ነው፣ ዋሳፒንም ያውቃል። እንደ ሩን እና ጄሪቨር ያሉት የሚከፈልባቸው መጥፎ አይደሉም፣ እንዲያውም ሩን ስለ አርቲስቶቹ የሚያቀርበው መረጃ እና ሙዚቃውን ወደ የተለያየ ክፍል የሚልክበት መንገድ በጣም ደስ ይላል። ግን የምትከፍለው ለዚህ ለዚህ መሆኑን አውቀህ ክፈል እንጂ ለድምፅ ጥራት ብለህ አይሁን።

ስትመርጥ በደንብ ማየት ያለብህ ሌላ ነገር ዘፈን ከዘፈን ሲያያዝ ያለውን ነው። መድረክ ላይ የተቀረጸ አልበም ጭብጨባው ሳይቋረጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፍ አለበት። ኤምፒ3 ሲሠራ መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ትንሽ ዝምታ ይጨመርበታል፤ ጥሩ ማጫወቻ ያንን ቆርጦ ያገናኘዋል፣ ደካማው ግን በየመሃሉ እያቋረጠ ያናድድሃል። ሪፕሌይጌይን የሚባለውም መኖሩን እይ። የአንዱ አልበም ድምፅ ከሌላው በጣም ሲጮህ ያስተካክልልሃል፣ ፋይሉ ውስጥ የሚጽፈውም መረጃ ብቻ ነው፣ ሙዚቃውን አይነካም። ኢኳላይዘር የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ቤዙን 6 ዴሲቤል ከፍ ስታደርግ ፕሪአምፑን (ኢኳላይዘሩ ላይ ያለውን የአጠቃላይ ድምፅ መጠን) በዚያው ልክ ዝቅ አድርግ፣ አለበለዚያ ድምፁ ጣሪያ ነክቶ ይሰነጠቃል።

ጓደኛህ አሁንም አላምን ካለ አትከራከረው፣ ፈትነው። የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳያይ ይስማና ይንገርህ። የሁለቱም ቮልዩም ፍጹም እኩል መሆን አለበት፤ በጥቂቱም ቢሆን የጮኸው ሁልጊዜ ጥሩ ስለሚመስል ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ፋይሎችን ማወዳደር ካማራችሁም ለፉባር ኤቢኤክስ የሚባል ተጨማሪ አለ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ደብቆ ያሰማና ውጤቱን ይቆጥራል።

ጥያቄ፦ ኤምፒ3ዎቼን ሁሉ ወደ ፍላክ ብቀይራቸው ጥራታቸው ይጨምራል?

መልስ፦ አይጨምርም። ኤምፒ3 ሲሠራ የተጣለው ተጥሏል፣ ፋይሉ ብቻ ነው የሚተልቀው። ሲዲው በእጅህ ካለ እንደገና ገልብጠው፤ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያንኑ ሲዲ ሌሎች ሰዎች ሲገለብጡ ካገኙት ጋር አወዳድሮ ስህተት ካለ ይነግርሃል። ሲዲው ከሌለህም አትጨነቅ፣ በደንብ የተሠራ 320 ኪሎቢት ኤምፒ3ን ከፍላክ መለየት ለብዙ ጆሮ ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የምጠቀመው ማክ ነው፣ የምሰማውም በብሉቱዝ ሄድፎን ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብሉቱዝ ከሆነ ስለ ኤክስክሉሲቭ ምናምን አታስቢ። ማክ ወደ ብሉቱዝ ሄድፎን ሙዚቃ ሲልክ ከላይ የተባለው ፍላክም ቢሆን እንደገና ይታመቃል፣ ከፊሉም ይጣላል። ደስ ያለሽን ማጫወቻ ተጠቀሚ። በሽቦ መስማት ከጀመርሽ ግን ማክሽ ላይ ያለውን «ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ» የሚባል ፕሮግራም ከፍተሽ መሣሪያሽ የትኛው ሬት ላይ እንደተቀመጠ እዪ። የአፕል የራሱ ማጫወቻ ፍላክን አይቀበልም፣ ስለዚህ ፋይሎችሽን አላክ ወደሚባለው የአፕል የፋይል ዓይነት ቀይሪያቸው፤ ሁለቱም ምንም ስለማይጥሉ የሚጠፋ ነገር የለም። መቀየሩ ከሰለቸሽ ፉባር2000 ለማክም አለ። ኦዲርቫና የሚባለው ማጫወቻ ሬቱን ራሱ ይቀይርልሻል፣ ግን ክፍያ አለው።