ጥያቄና መልስ፦ ሕግ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የጻፍነውን የሚጠብቅልን እስከ የት ነው?

መልስ ሰጪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ማታ አብሬያችሁ አለሁ። አንድ አደራ፦ ሀገሩን ሳትጽፉ አትጠይቁ። ሕጉ እንደየሀገሩ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው።

ማለዳ፦ የማኅበራዊ ሚዲያው ድርጅት ፖስቴን አጠፋብኝ። የመናገር መብቴ አልተጣሰም?

መልስ፦ ሀገርሽን አልጻፍሽም። በጥቅሉ ግን ይህ መብት በዋናነት የሚጠብቅሽ ከመንግሥት ነው። ድርጅቱ መንግሥት አይደለም።

ቀለሙ፦ አሜሪካ ነኝ። አንድ የከተማ ባለሥልጣን ገጹ ላይ ስለተቸሁት ብሎክ አደረገኝ። ይችላል?

መልስ፦ ሀገር ስለጻፍክ ተባረክ። እኔ ከሁሉ በላይ የምከታተለውም ይህንኑ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 አንድ ጉዳይ አየ። የፖርት ሂውረን ከተማ ሥራ አስኪያጅ የቤተሰብ ፎቶም የከተማ ሥራም የሚለጥፍበት የፌስቡክ ገጽ ነበረው። የተቸውን ነዋሪ ብሎክ አደረገ። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ሁለት ጥያቄ አስቀመጡ። ሰውየው በመንግሥት ስም የመናገር ሥልጣን በእርግጥ ነበረው? ፖስቱን ሲለጥፍስ በዚያ ሥልጣን እየተናገረ ነበር? ሁለቱም አዎ ከሆኑ ድርጊቱ የመንግሥት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ይይዘዋል። አንዱ ከጎደለ ገጹ የግሉ ነው። ባለሥልጣን ሆነ ተብሎ የልጆቹ ፎቶ ቢሮ አይሆንም፤ ይሄ ትክክል ይመስለኛል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አለ። አስተያየት ማጥፋትና ብሎክ ማድረግ አንድ አይደሉም። ብሎክ ከገጹ ሁሉ ያስወጣሃል። ስለዚህ ፍርድ ቤት አስተያየት ልትሰጥባቸው የምትችላቸውን ፖስቶች በሙሉ ይመረምራል። ገጹ «የግል» የሚል ተጽፎበት እንደሆነ እይ። ስክሪንሾት ያዝ።

ዳር ተመልካች፦ ስድብ ያስከስሳል?

መልስ፦ የት ሀገር? ማን ላይ? ምን ተብሎ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ንጋት፦ ላይክ ማድረግስ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። በ2012 ሕንድ ውስጥ አንዲት ወጣት በአንድ ፖለቲከኛ ሞት የተነሳ ከተማ መዘጋቱን ፌስቡክ ላይ ተቸች። ጓደኛዋ ላይክ አደረገች። ሁለቱም ታሰሩ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ2015 የታሰሩበት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሕግ ክፍል፣ ቁጥር 66ሀ፣ ከነጭራሹ ተሻረ። «የሚያናድድ» ጽሑፍ ወንጀል ነው የሚል ሕግ ማንን ነው የማያስረው? አሜሪካም በ2013 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ላይክ ጥበቃ ያለው ንግግር ነው ብሏል።

ቀለሙ፦ እኔ ግን ድርጅቶቹም መገደድ አለባቸው ባይ ነኝ። ዛሬ አደባባዩ እነሱ ጋ ነው።

ዳር ተመልካች፦ ቤቱ የእነሱ ነው። የሰው ቤት ገብተህ ልዘዝ ትላለህ?

ቀለሙ፦ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ2017 «ዘመናዊ አደባባይ» ብሎታል!

መልስ፦ ያ ውሳኔ የተሰጠው አንድ ክፍለ ግዛት ሰዎችን ከማኅበራዊ ሚዲያ በሕግ ስለከለከለ ነው። ከልካዩ መንግሥት ነበር። አሁንም እላለሁ፦ መንግሥትና ድርጅት ለዩ።

ንጋት፦ ሀገር ካልተጻፈ የጋራ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው?

መልስ፦ አለ። የ1966ቱ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 19። ያጸደቀው መንግሥት ንግግርን የሚገድበው በግልጽ ሕግ፣ እዚያው ለተዘረዘሩ ዓላማዎችና የግድ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ነው። አንቀጽ 20 ደግሞ ለጥቃት የሚያነሳሳ የጥላቻ ቅስቀሳ በሕግ ይከልከል ይላል።

አዲስ አባል፦ አካውንቴን ዘጉብኝ፤ መብቴ አይደለም?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ። ሀገሩስ?

ማለዳ፦ ይቅርታ፣ እኔ ጀርመን ነኝ።

መልስ፦ ይህን መጀመሪያ ብትይኝ! የአውሮፓ ኅብረት የ2022 የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ አለልሽ። ድርጅቱ ያጠፋበትን ምክንያት ሊነግርሽ ይገደዳል። ትንሽ ድርጅት ካልሆነ፣ ውሳኔው ከደረሰሽ ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር በነፃ አቤት የምትዪበት መንገድም ሊከፍትልሽ ግዴታ አለበት። ዛሬውኑ አስገቢ። እምቢ ካሉሽ ከፍርድ ቤት ውጭ ወደሚዳኝ ገለልተኛ አካል መሄድ ትችያለሽ። የላኩልሽን መልእክት እንዳታጠፊው።