ስለ ሊዲትሴ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። እናትሽ ከአዲስ አበባ መጥተዋል፤ የፕራግን ቤተ መንግሥትና ድልድዩን አሳይተሻቸዋል። አሁን ደግሞ ከከተማ ወጣ ብላችሁ ሊዲትሴ የምትባለውን የቼክ መንደር ማየት አስበሻል። «እዚያ ምን አለ? ታሪኳስ? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይዞ ይኬዳል ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ የምኖረው ክላድኖ ነው፣ ከሊዲትሴ አጠገብ ማለት ይቻላል። እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር ይዤ የምሄደው እዚያ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ሊዲትሴ ደርሰው «ሜዳ እኮ ነው!» ብለው ቅር ብሏቸው የሚመለሱ ሰዎች አሉ። አዎ፣ ሜዳ ነው። ሰፊ ሸለቆ፣ ሣር፣ ጥቂት ዛፎች፣ መሀል ላይ ቀጭን ወንዝ። ግን እዚያ ከሚታየው ሁሉ ትልቁ ራሱ ሜዳው ነው። ለምን ሜዳ እንደሆነ ሳያውቁ የሄዱ ሰዎች ምንም አያዩም። ስለዚህ ታሪኩን ለእናትሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

የሊዲትሴ ስም በጽሑፍ መገኘት የጀመረው ከ1318 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ለብዙ ዘመን የገበሬ መንደር ነበረች። ክላድኖ ላይ የድንጋይ ከሰል ማውጫውና የብረት ፋብሪካው ሲስፋፋ ደግሞ ብዙዎቹ ወንዶች እየተመላለሱ እዚያ መሥራት ጀመሩ። የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ነበራት፣ ትምህርት ቤት ነበራት፣ ኩሬ ነበራት። የሕዝቧ ቁጥር 500 ገደማ ነበር። በአካባቢው እንደሷ ያሉ መንደሮች ሞልተዋል።

ሜይ 27፣ 1942 ፕራግ ውስጥ ራይንሃርድ ሃይድሪክ ላይ ጥቃት ደረሰ። ሰውየው ናዚዎች አገሩን እንዲገዛ የሾሙት፣ በጭካኔው የታወቀ ባለሥልጣን ነበር። ጥቃቱን ያደረሱት ከእንግሊዝ በአውሮፕላን መጥተው በጃንጥላ የወረዱ ሁለት ወታደሮች ናቸው፤ ዮዜፍ ጋብቺክና ያን ኩቢሽ። ሃይድሪክ በጁን 4 ሞተ። ናዚዎቹ አገሩን ቢያምሱትም ያደረሱትን ሰዎች ማግኘት አቃታቸው። በእጃቸው የነበረው አንድ አጠራጣሪ የፍቅር ደብዳቤ ነው። እሱን ተከትለው ሲሄዱ፣ ልጆቻቸው እንግሊዝ አገር አየር ኃይል ውስጥ የሚያገለግሉ ሁለት የሊዲትሴ ቤተሰቦች ላይ ደረሱ። ቤቱ ሁሉ ተፈተሸ፤ የተደበቀ መሣሪያ አልተገኘም። መንደሯ በጥቃቱ ውስጥ እጇ አልነበረበትም። ያም ሆኖ የሃይድሪክ ቀብር በተፈጸመበት በጁን 9 «ሊዲትሴ ትጥፋ» የሚል ትእዛዝ ወጣ።

የዚያን ሌሊት መንደሯን ከበቧት። ሲነጋ ከ15 ዓመት በላይ የሆኑትን ወንዶች የሆራክ ቤተሰብ እርሻ ግቢ ውስጥ ሰበሰቧቸው። ከየቤቱ ፍራሽ አውጥተው የጎተራውን ግድግዳ ሸፈኑት። ጥይቱ ነጥሮ እንዳይመለስ ነው። መጀመሪያ አምስት አምስት፣ ከዚያ «ፍጥነቱ አነሰ» ተብሎ አሥር አሥር እያደረጉ ረሸኗቸው። 173 ወንዶች። ከነሱ አንዱ የሰባ ሦስት ዓመቱ ቄስ ዮሴፍ ሽተምበርካ ነበሩ። እንደሚነገረው «አንተ ትተርፋለህ» ቢባሉም ምእመኖቼን ትቼ አልሄድም ብለው ከነሱ ጋር ሞቱ። ሌሊት ፈረቃ ላይ የነበሩትና ቀድመው የታሰሩት ደግሞ ፕራግ ተወስደው ተገደሉ።

ሴቶቹንና ልጆቹን ወደ ክላድኖ አመጧቸው፤ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ጭድ ላይ አስተኟቸው። በሦስተኛው ቀን ልጆቹን ከእናቶቻቸው ነጠቁ። እናቶቹ ራቨንስብሩክ ወደሚባለው የማጎሪያ ካምፕ ተጫኑ። «ጀርመን ማድረግ ይቻላል» የተባሉ ጥቂት ልጆች ለጀርመን ቤተሰቦች ተሰጡ። አብዛኞቹ ፖላንድ ተወስደው ሄልምኖ በሚባለው የግድያ ካምፕ በጋዝ ተገደሉ። ጦርነቱ ሲያልቅ 143 ሴቶችና 17 ልጆች ተመለሱ። የሞቱት በጠቅላላው 340 ናቸው።

መንደሯንም አልተዉአትም። ቤቶቹን አቃጠሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በፈንጂ አፈረሱ፣ ኩሬውን ደፈኑ፣ የመቃብር ስፍራውን ሳይቀር ቆፈሩ። ጥፋታቸውን ራሳቸው በፊልም ቀረጹት፤ ፊልሙ በኋላ የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆነባቸው። አሁን የምታዪው ሜዳ የዚህ ሥራ ውጤት ነው።

አሁን ወደ ጉብኝቱ። ከላይ ከሙዚየሙ ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ ሸለቆው ውረዱ። ብዙ ሰው በቀጥታ ሐውልቶቹ ጋ ሄዶ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል፤ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ሙዚየሙ ትልቅ አይደለም፣ ግን የጠፉትን ሰዎች ፊት ታያላችሁ። እኔን ሁሌም የሚያቆመኝ ልጆቹ ፖላንድ ሆነው ለዘመድ የጻፏቸው ፖስታ ካርዶች ናቸው። ልብስና ምግብ ላኩልን ነው የሚሉት። አገር ቤት የቀረ ዘመድ ካለ ብለው ነው የሚጽፉት፤ አባቶቻቸው መሞታቸውን አያውቁም።

ስትወርዱ በስተግራ በኩል የልጆቹን ሐውልት ታገኛላችሁ። ቀራፂዋ ማሪዬ ኡኺቲሎቫ ትባላለች። ሥራውን የጀመረችው በ1969 ነው። ሰማንያ ሁለት ልጆች፦ 42 ሴቶች፣ 40 ወንዶች። ማንም አላዘዛትም፤ በራሷ ገንዘብ ሦስቱን ብቻ በነሐስ ማስቀረፅ ቻለች። በኖቬምበር 1989 በድንገት ሞተች። ባሏ ይርዢ ሃምፕል ሥራውን ተረክቦ ቀጠለ። የመጀመሪያዎቹ 30 ሐውልቶች በ1995 ቆሙ፣ የመጨረሻዎቹ በ2000። ፊታቸውን አንድ በአንድ እዩት። ትልቋ ትንሿን ይዛ የቆመች አለች፣ እጁን ፊቱ ላይ ያደረገ አለ። ሁሉም የሚያዩት ወደ ሸለቆው ነው። እግራቸው ሥር ሁሌም አሻንጉሊትና ከረሜላ አይጠፋም፤ ሰው ነው የሚያስቀምጠው። ልጅሽ አንድ ነገር ይዞ መጥቶ ማስቀመጥ ከፈለገ ማንም ምንም አይለውም።

ከዚያ ዝቅ ስትሉ የቤተ ክርስቲያኑ መሠረት አለ፣ የሆራክ እርሻ መሠረት አለ። የወንዶቹ የጅምላ መቃብርም እዚያው ነው፤ አጠገቡ የእንጨት መስቀል አለ፣ አክሊሉ የሽቦ እሾህ ነው። ከጥፋቱ የተረፈ አንድ የፒር ዛፍም አለ፤ እናትሽ ዛፍ የሚወዱ ከሆነ ጠይቀሽ አሳያቸው።

ሌላው ጽጌረዳው ነው። ይሄኛው የተለየ ታሪክ አለው። ሂትለር ሊዲትሴ ከካርታ ትጥፋ ሲል፣ እንግሊዝ አገር ስቶክ ኦን ትሬንት የሚባል ከተማ ሐኪምና ፖለቲከኛ የነበረው ባርኔት ስትሮስ «ሊዲትሴ ትኖራለች» የሚል ዘመቻ አስነሳ። ወሩ ሴፕቴምበር 1942 ነው፣ ጦርነቱ ገና አልቆ አይደለም። ገንዘብ ያዋጡት በአብዛኛው እንደ ሊዲትሴ ወንዶች የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች ናቸው። አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥና ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ ሊዲትሴ የሚል ስም የወሰዱ ሰፈሮች አሉ። የጽጌረዳው የአትክልት ቦታም የስትሮስ ሐሳብ ነው፤ በ1955 ተከፈተ፣ ችግኙ ከሰላሳ በላይ አገሮች መጣ። ጁንና ጁላይ ላይ ከሄዳችሁ አበባውን በደንብ ታዩታላችሁ። በክረምት ግን እሾህ ብቻ ነው፣ አልዋሽሽም።

የጽጌረዳውን ቦታ ስታልፉ አዲሷን ሊዲትሴ ታገኛላችሁ። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በ1947 ነው፤ ከካምፕ ለተመለሱት ሴቶች ተብለው 150 ቤቶች ተሠሩ። ሰው ይኖርባታል፣ ልጆች ሳይክል ይነዳሉ። ጊዜ ካላችሁ በእግር ዞር ዞር በሉባት። ሰዎቹን ግን እንደ ኤግዚቢሽን አትዩአቸው፤ ቤታቸው ነው።

ለልጁ ጥያቄ የኔ ምላሽ፦ ውሰጂው። ሙዚየሙ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ፊልሞችን ግን ቀድመሽ አይተሽ ወስኚ። እሱ ከአያቱ ጋር ውጪ ሆኖ ጽጌረዳውን ሲያይ አንቺ ግቢ። ሐውልቶቹ ጋ ሲደርስ የሚጠይቅሽን መልሺለት፤ በዕድሜው ልክ ይበቃዋል። እዚያው ሊዲትሴ ያለው ጋለሪ ከዓለም ዙሪያ የሚመጡ የልጆች ሥዕሎች ያሳያል፤ ኤግዚቢሽኑ የተጀመረው በ1967 ነው። ለሱ ከሁሉም የሚስማማው ያ ነው።

እናትሽ ኦርቶዶክስ ከሆኑ አንድ ነገር ጨምሪ። ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው ቀን ፕራግ ሬስሎቫ መንገድ ላይ ያለውን የቅዱሳን ቄርሎስና ሜቶዲዮስ ካቴድራል አሳያቸው። የምሥራቅ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጋብቺክና ኩቢሽን ጨምሮ ሰባት ወታደሮች ተደብቀው የነበሩት እዚያ ነው፤ በጁን 18፣ 1942 ሲከበቡ እስከ መጨረሻው ተዋጉ። የምድር ቤቱ መስኮት ዙሪያ ጥይቱ የቦረቦረው ድንጋይ እስካሁን አለ። የደበቋቸው ካህናትና ጳጳሱ ጎራዝድ ተገደሉ፤ ጳጳሱን ቤተ ክርስቲያናቸው ቅዱስ ብላ ታከብራቸዋለች። ሁለቱን ቦታዎች በተከታታይ ማየት ታሪኩን አንድ ላይ ያገጣጥመዋል።

አካሄዱ ቀላል ነው። በአረንጓዴው ሜትሮ ናድራዢ ቬሌስላቪን ውረዱ፣ ከዚያ ወደ ክላድኖ የሚሄድ አውቶቡስ ያዙ። ሊዲትሴ ላይ የሚቆም መሆኑን ሹፌሩን ጠይቁ፣ ሁሉም አይቆሙም። ለእናትሽ ምቹ ጫማ ያዪላቸው፤ ወደ ታች መውረዱ አይከብድም፣ ሲመለሱ ግን ዳገቱ ያደክማቸዋል። ግማሽ ቀን መድቡለት። ሙዚየሙ በክረምት ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ ሰዓቱን አረጋግጪ። ቀኑን ስትወስኚ እዚህ ጻፊልኝ፤ ሥራ ከሌለኝ ሊዲትሴ መጥቼ አስጎበኛችኋለሁ።